የታችኛው መሳቢያ

ዮሲ በዚያ እሁድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ተላጨ። የመጀመሪያው ለፊቱ ነበር፣ ሁለተኛው ለጭንቀቱ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ልጃቸውን ሊዲያን ሊጠይቁለት ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ወይዘሮ እልፍነሽ ቤት ይሄዳሉ። ሦስተኛው ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ አራተኛ የሚልክ ሰው ልጅ ጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ነገር ፈላጊ ተብሎ ይወራበታል፤ ሐረር ለወሬ ጠባብ ከተማ ናት።

«አንተ እዚያ ሰፈር እንዳትታይ» አሉት ጋሽ ለማ። የሽማግሌዎቹ መሪ እሳቸው ናቸው፤ የእንጨት ሥራንም ከመላጊያ አያያዝ ጀምሮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ሥራህ ቀድሞህ ገብቷል። አንተ አርፈህ ጠብቅ።»

ሥራህ ያሉት ዮሲ ያደሰውን አሮጌ የመሣሪያ ሳጥን ነው። በገና ዋዜማ አድርሶት፣ አሁን ወይዘሮ እልፍነሽ ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ያየው ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ዮሲ ብቻ የሳጥኑ ስም ሲነሳ ወሬ ይለውጣል፤ ለምን እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አርፎ መጠበቅ አልሆነለትም። ጀጎል ገብቶ መኪና ግርግር ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ መኪኖቻቸውን በሚያንኳኩበት መንገድ፣ የጓደኛው የነስሮ ጨርቅ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከእሱ አልነቅል አለ።

«አቦ ተንፍስ!» አለው ነስሮ ጣቃ እየጠቀለለ። «እምቢ ቢሉህ ከተማው አይቃጠልም። ኢንሻአላህ ደግሞ እሺ ይላሉ።»

«እሺ እንዳይሉኝ ነው የፈራሁት።»

ነስሮ ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ። ዮሲ አብሮት ለመሳቅ ሞክሮ አልቻለም።

*

ሊዲያን ያወቃት ከሁለት ዓመት በፊት፣ መጋዝ በቆረጠው አውራ ጣቱ ሰበብ ነው። መድኃኒት ቤት ገብቶ ፋሻ ሲጠይቅ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ልጅ ጣቱን አየችና «ይሄ የሚሰፋ እንጂ የሚጠቀለል አይደለም፤ ሂድ ሐኪም ጋ!» ብላ ተቆጣችው። በሳምንቱ ሊያመሰግናት ሄደ። በሌላው ሳምንት የሚያመሰግንበት ነገር ባይኖረውም ሄደ። አንድ ቀን የተሰነጣጠቀ መዳፉን ገልብጣ አይታ «የአባቴ እጅ ነው ያለህ» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ዮሲ ሌላ ሴት አላየም፤ እሷም ቢሆን ሌላውን ሁሉ ረሳች።

አባቷ ጋሽ አባይነህ የቶርኖ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ብረት ሲያሾሩና ሲቆርጡ ኖረው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ዐርፈዋል። የትዳራቸውን ታሪክ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ወይዘሮ እልፍነሽ የፊታውራሪ ሀብተወልድ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ለዚህ እጁ ዘይት ዘይት ለሚሸት፣ ዘመዱ ለማይታወቅ ሰው ብለው ከአባታቸው ቤት ወጡ። ፊታውራሪውም «ከዛሬ ጀምሮ እልፍነሽ የምትባል ልጅ የለችኝም» አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ታመው ሲሞቱ፣ ወይዘሮ እልፍነሽን ለመሰናበት የጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ቀብሩ ላይ እንኳ ከሰው ኋላ ቆመው ነው ያለቀሱት። አንድ ወንድማቸው አቶ ጌታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ብለዋቸው አያውቁም። በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ አንድ መድኃኔዓለም እየተሳለሙ፣ እህትና ወንድም ከሠላሳ ዓመት በላይ ፊት ተዟዙረው ኖሩ።

እናም ሽማግሌዎቹ ሐምሌ ላይ መጀመሪያ ሲሄዱ፣ እንደ ወጉ «ጥያቄያችን ካልተመለሰልን አንቀመጥም» ብለው በቆሙበት፣ ወይዘሮ እልፍነሽም ቆመው መለሱላቸው።

«እኔ ብረት ቆራጭ አግብቼ የአባቴን ምርቃት አጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ያልተመረቅኩ ሰው ነኝ። ስታመም የእሱ ነው እላለሁ፣ ልጅ ሲጨነግፍብኝ የእሱ ነው አልኩ፣ ባሌ ሲሞት የእሱ ነው አልኩ። ልጄን ለእንጨት ቆራጭ ሰጥቼ በዚያው መንገድ አልሰዳትም። በሉ፣ ደህና ዋሉ።»

የሳጥኑን ነገር ያመጣችው ሊዲያ ናት።

«እናቴ ሰውን በአፉ አታምንም፣ በሥራው ነው የምታምነው» አለችው። «የአባዬ የመሣሪያ ሳጥን ጓሮ ክፍል ውስጥ እየበሰበሰ ነው። አልጣለችውም፣ አልነካችውም፣ ስታልፍ ብቻ ፊቷን ታዞራለች። አንተ አድስላት። ከዚያ ማን እንደሆንክ ራሷ ታያለች።»

መስከረም ላይ በባጃጅ ጭና፣ ከሸዋ በር ውጪ እስካለው የሥራ ቤቱ ድረስ አመጣችው። እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር የመጣችው። ዮሲ በተቀበላት ጊዜ እጃቸው ከሳጥኑ ሥር ተገናኘ፤ ሁለቱም ቶሎ አላነሱትም።

*

ሳጥኑ በፈረንጅ እንጨት የተሠራ ነው፤ ጋሽ አባይነህ ከአርመናዊ አለቃቸው የወረሱት። ስምንት ስስ መሳቢያዎች አሉት። ሁሉም አረንጓዴ ሱፍ ተነጥፎባቸዋል፣ ማዕዘኑ በነሐስ ታስሯል። ዝናብ ገብቶበት መሳቢያዎቹ አብጠው አልሳብ ብለዋል፤ ሥሩን ምስጥ በልቶታል፤ በውስጡ የነበሩት የብረት መለኪያዎች፣ ካሊፐርና ማይክሮሜትር፣ ዝገው ተጣብቀዋል። ሌላ አናጢ ቢሆን «ከዚህስ አዲስ ብሠራልሽ ይሻላል» ይላት ነበር።

ዮሲ እያንዳንዷን ቁራጭ ቁጥር እየሰጠ ፈታት። አሮጌ ኮላ በጉልበት አይለቅም። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያስነካና ይጠብቃል፤ እንደገና ያስነካና ይጠብቃል፤ መጋጠሚያው ራሱ እሺ እስኪል ድረስ። የተበላውን ሥር በዋንዛ ተካው። ነሐሱን በሎሚና በአመድ አሸው። ሊዲያ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች የአባቷን መሣሪያዎች በላምባ ትወለውላለች፤ እሱ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ያሻል። አንዳንዴ ድምፅ ይጠፋል። ቀና ሲል እያየችው ያገኛታል። በዚያ የመጋዝ ብናኝ በሞላበት ክፍል ውስጥ ያሳለፏቸው አምስት ሳምንታት የሕይወቱ መልካም ጊዜ ነበሩ፤ እየኖራቸው ሳለ ነበር ይህን የሚያውቀው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የታችኛውን መሳቢያ ሱፍ ሲያነሳ በአቡጀዲ የተሰፋ፣ መዳፍ የማይሞላ ነገር አገኘ።

«ክታብ ነው» አለ። በሐረር አሮጌ ዕቃ የሚያድስ ሰው ክታብ ሳያገኝ ዓመት አይሞላውም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአልጋው፣ በሳጥኑ፣ በበሩ መቃን ውስጥ ይሸሽጋል። ጋሽ ለማ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ያስያዙት ሕግ ይሄው ነበር፤ በሰው ዕቃ ሆድ ውስጥ ያገኘኸውን አትፍታ፣ አታንብብ፣ ለባለቤቱም አትናገር፤ ባገኘህበት መልሰህ ዕቃውን ዝጋ። የሸዋ በር አናጢዎች ይህን ሕግ አክብረው ነው የሰው ቤት የሚገቡት።

ዮሲም አክብሮ ሊመልሰው ነበር። ግን ክሩ በእንፋሎቱ ርሶ ኖሮ ሲያነሳው ተተረተረ። የወጣው የተጣጠፈ ወረቀት ነው። «ለልጄ ለእልፍነሽ ሀብተወልድ» ይላል። እዚህ ላይ እጁን መሰብሰብ ነበረበት። አልሰበሰበም።

«ለልጄ ለእልፍነሽ ሀብተወልድ። እንደምን ሰነበትሽ። ይህን የሚጽፍልኝ ወንድምሽ ጌታቸው ነው፣ የእኔ እጅ ብዕር መያዝ አቅቶታል። ታምሜአለሁ፤ የምነሳም አይመስለኝ። በቁጣ የተናገርኩብሽን ቃል የንስሐ አባቴን አስጠርቼ ፈትቼዋለሁ። ያገባሽውን ሰው ይዘሽ ነይ፤ ሁለታችሁንም ማየት እፈልጋለሁ። ጌታቸው ይህን ለባልሽ እጅ በእጅ ይሰጥልኛል። ብትደርሺ በእጄ፣ ባትደርሺ በዚህ ወረቀት መርቄሻለሁ። ቤትሽ አይጉደል። የወለድሽው ያክብርሽ። በእርጅናሽ አትዋረጂ። አባትሽ። መጋቢት ፲፩ ቀን ፲፱፻፹፬ ዓ.ም.»

ወረቀቱን ገለበጠው። በጀርባው በወፍራም እርሳስ፣ በሌላ ሰው እጅ ተጽፏል። «ቅዳሜ እነግራታለሁ።» ከሥሩ ደግሞ «ለፋሲካ እነግራታለሁ።» ከእሱ ሥር፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ተጭኖ «ሚያዝያ ፱ ቀን ሞቱ። አሁን ምን ብዬ?»

ዮሲ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ነገሩ ሁሉ ወዲያው ገባው። ጋሽ አባይነህ ሚስታቸው ወደ አባታቸው ቤት ከተመለሱ በዚያው እንዳይቀሩ ፈርተዋል። አቶ ጌታቸው ደግሞ ደብዳቤውን ለባልየው ሰጥተው ቢጠብቁ ቢጠብቁ እህታቸው ስላልመጡ፣ አባቷ በሞት አፋፍ ሆነው ሲጣሩ እምቢ ያለች ሴት አድርገው ይዘዋቸዋል። ወይዘሮ እልፍነሽም ይኸው ተመርቀው ሳለ ያልተመረቁ ሆነው አርጅተዋል።

ያን ዕለት ማምሻውን ሊዲያ መጣች። ዮሲ ወረቀቱን ከሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከትቶት ነበር።

«እየው!» አለችው፤ ማይክሮሜትሩን አፍታታ፣ አብርታ፣ ከፍ አድርጋ ይዛለች። «የአባዬ ዕቃ እንደ ራሱ ነው፤ ስትወለውለው ሁሉ ነገሩ ይታያል። ስልኩ ላይ እንኳ ቁልፍ አያደርግም ነበር እኮ። ከእናንተ ምን የምደብቀው አለኝ ይል ነበር።»

«ሊዲያ…»

«ወዬ።»

ዓይኗ ውስጥ አባቷ ነበሩ። የሸሚዙን ኪስ ቢከፍት የሚጠፋው ያ ዓይን እንደሆነ ታየው። ወይዘሮ እልፍነሽም ይህን ካነበቡ ከእጅ ሠራተኛ ጋር ዳግመኛ እንደማይዛመዱ ታየው።

«ምንም» አለ።

ፊቷ ጨለመ። «ደከመህ፣ አይደል? እናቴን መጠበቅ ሰለቸህ። ንገረኝ፣ አልቆጣም።» እሱ ብርጭቆ ወረቀቱን መልሶ ሲያነሳ ማይክሮሜትሩን በዝግታ አስቀምጣ ወጣች። ማታ መልእክት ላከችለት። «ካልፈለግከኝ ሳጥኑን ብቻ መልስልን።» ዮሲ ረጅም ነገር ጽፎ አጠፋ፤ እንደገና ጽፎ አጠፋ። በመጨረሻ «ካንቺ በቀር የምፈልገው የለም» ብሎ ላከ። እውነት ነበር፤ ጥፋቱም ከዚያው መጣ።

በማግስቱ ከነስሮ አረንጓዴ ሱፍ ገዛ። ወረቀቱን በአቡጀዲው መልሶ ሰፋ፣ ባገኘበት አስቀመጠ፣ አዲሱን ሱፍ በላዩ ላይ በኮላ ለጠፈ። «ሕጉ ነው» አለ ለራሱ። «አታንብብ» የሚለውን ጥሶ «አትናገር» የሚለውን ማክበሩን ግን ያውቅ ነበር። ከአንድ ሕግ ውስጥ የሚመቸውን ግማሽ መርጦ የያዘ ሰው ሕግ አከበርኩ ባይል ይሻለዋል። ለሊዲያ ከገና በኋላ እነግራታለሁ ብሎ ቆረጠ።

ኅዳር ሃያ ቀን አቶ ጌታቸው ሞቱ።

*

ቀብሩ ላይ ዮሲም ነበር፤ ሰፈር ነውና። ወይዘሮ እልፍነሽን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከግንቡ ሥር ቆመው አያቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ወደ ውስጥ ግን አልገቡም። ከሟች ቤተሰብ አንድም ሰው መጥቶ እጃቸውን አልያዘም። የሬሳ ሳጥኑ ወርዶ አፈር ሲለብስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በቅጥሩ በር በኩል አየ። ወንድማቸውን በሕይወት ሳሉ ያላነጋገሩትን አሁን ያነጋግራሉ አለ በልቡ። ያን ጊዜ አምስት እርምጃ ተራምዶ «እትዬ፣ ወንድምዎ ተሳስተው ነው የሞቱት» ማለት ይችል ነበር። እሱም ቢሆን ዘግይቶ ነበር፤ ግን ከዝምታው ይሻል ነበር። ዮሲ አንገቱን ደፍቶ ከሰው ጋር ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳጥኑን ቫርኒሽ ሲቀባ የታችኛውን መሳቢያ ለመጨረሻ ይተወው ጀመር።

ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ «እናስብበት» ተባሉ። በገና ዋዜማ ሳጥኑ ገባ። ገና አለፈ። ዮሲ ጥምቀት ይለፍ አለ። ጥምቀትም አለፈ።

*

ስልኩ ነስሮ ደጃፍ ላይ ጮኸ።

«እማዬ ትጠራሃለች» አለች ሊዲያ። ድምጿ እየሳቀ ያለቅሳል። «ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ዮሲ! ቁጭ ብለዋል እኮ!»

ነስሮ አቅፎ ሳመው፤ «አላህ ያሳምርላችሁ» አለው። ዮሲ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወጥቶ ባጃጅ ያዘ። ለባጃጁ ልጅ የት እንደሚሄድ መናገር ረስቶ፣ ልጁ ሁለት ጊዜ ጠየቀው።

ሳሎኑ ውስጥ ጋሽ ለማና ሁለቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደላድለዋል። ወይዘሮ እልፍነሽ ከመስኮቱ አጠገብ፣ አንድ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ሊዲያ ከኋላቸው ቆማለች። ሲገባ ያየችው አስተያየት ለሌላ ሰው ቢሆን ዕድሜ ልክ ይበቃው ነበር።

«ና ልጄ፣ አትቁም» አሉት ወይዘሮ እልፍነሽ። ልጄ ብለውት አያውቁም። «ይሄን ሳጥን ስታመጣው አንድ ሳምንት ሙሉ አልቀረብኩትም። በኋላ አንዱን መሳቢያ ሳብኩት። ሳይንቋቋ፣ ሳይነክስ፣ አባይነህ ሲስበው እንደነበረው ሆኖ መጣ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የሰው ዕቃ እንዲህ በትዕግሥት የያዘ ልጄንም እንዲሁ ይይዛታል አልኩ።»

ዮሲ ወለሉን አየ።

«ደግሞ ኅዳር ላይ ወንድሜን ከግንብ ውጪ ቆሜ ቀበርኩ። እህቱ ናት ብሎ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ቂም ምን እንደሚያደርግ ያን ቀን አየሁት። በእኔና በአባቴ ቂም ልጄን አላስቀራትም። እኔ ያላገኘሁትን ምርቃት ለእናንተ አልነፍጋችሁም። ኑ፣ ወዲህ ቅረቡ።»

ሊዲያ እጁን ይዛ ጎተተችው። ሁለቱም ተንበረከኩ። ወይዘሮ እልፍነሽ ተነስተው መዳፋቸውን በሁለቱም ራስ ላይ ጫኑ።

«ቤታችሁ አይጉደል» አሉ። «የወለዳችሁት ያክብራችሁ። በእርጅናችሁ…»

ዮሲ ምርቃቱን ቃል በቃል ያውቀዋል። በዚያ ቤት የሚመረቀው እንዲህ ነው፤ አባት ሲመርቅ የሰማች ልጅ ናት አሁን የምትመርቀው። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተው።

«ይቆዩኝ እትዬ» አለ።

«ምርቃት አይቋረጥም፣ አንተ!» ጋሽ ለማ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ይሄን ምርቃት እርስዎም ተመርቀዋል» አለ ዮሲ፣ እንደተንበረከከ። «አባትዎ መርቀውዎታል። እዚሁ ውስጥ ነው ያለው።»

ማንም ሰው የገባው አልነበረም። ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ የታችኛውን መሳቢያ እስከ ጫፉ ሳበ። በገዛ እጁ የለጠፈውን ሱፍ በገዛ እጁ ሰነጠቀው። የአቡጀዲውን ጥቅል አውጥቶ፣ ክሩን በጥሶ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ወይዘሮ እልፍነሽ የወንድማቸውን ጽሕፈት ወዲያው ለዩት። ድምፅ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። «የንስሐ አባቴን አስጠርቼ ፈትቼዋለሁ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ጠፋ። የቀረውን ሊዲያ ተቀብላ አነበበች። «በእርጅናሽ አትዋረጂ» ስትል እናቷ እንደ ሕፃን ልጅ «አባዬ» አሉ፤ ስልሳ ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው።

ሊዲያ ወረቀቱን ገለበጠችው። የእርሳሱን ጽሕፈት ስታይ ፊቷ ላይ የሆነውን ዮሲ ማየት አልቻለም። የዚያን እጅ «ቅ» ከልጅነት ደብተሮቿ ታውቀዋለች።

«አባዬ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ ወይዘሮ እልፍነሽ ዓይናቸውን ጠረጉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«መቼ ነው ያገኘኸው?»

«ጥቅምት መጨረሻ።»

«ጌታቸው ኅዳር ሃያ ነው የሞተው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ቀብሩ ላይ ነበርክ። አይቼሃለሁ። አንገትህን ደፍተህ ስትወጣ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ለማያውቀው ሰው ያዝናል ብዬ ነበር።»

ጋሽ ለማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እልፍነሽ፣ ይሄ የሙያችን ሕግ ነው። ያገኘነውን ወዳገኘንበት እንመልሳለን፣ አንናገርም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ጥፋት ካለ ለእኔ ይሁን።»

ሊዲያ ቀና አለች። ዓይኗ «አዎ በል» ይለው ነበር። ሕጉ ነው ቢል፣ አላነበብኩም ቢል፣ ምናልባት ያ ቀን በሌላ መልክ ያልፍ ነበር።

«አይደለም ጋሽ ለማ» አለ ዮሲ። «ሕጉ አንብብ አይልም፤ እኔ አንብቤዋለሁ። የመለስኩት እሷን እንዳላጣ ነው።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ቢጮሁበት ይቀለው ነበር።

«አባይነህ አባቴን ነሳኝ» አሉ። «ፈርቶ ነው። ወጣት ነበር፣ ሰው አልነበረውም፣ እኔን ብቻ ነበር ያለው። ሞቷል፤ ሙት ምን እለዋለሁ? አንተ ግን ወንድሜን ነሳኸኝ። ጌታቸው ሁለት ሳምንት ተኝቶ ነበር፤ ከዚህ ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ። አባቷ ሲጣሩ ያልመጣች ጨካኝ እንዳለኝ ሞተ። ይሄን ወረቀት ይዤ በእግሬ እሄድ ነበር እኮ! ጫማም ሳላደርግ እሄድ ነበር!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«የመረቅኩትን አላነሳም» አሉ፣ እንዳልሰሙት ሁሉ። «በአባቴ ቤት የተነሳ እርግማን እንጂ የተነሳ ምርቃት የለም። ልጅቷ ግን የራሷ አፍ አላት።»

ሁሉም ወደ ሊዲያ ዞረ። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «እማዬ እነዚያን ቃላት ባትናገር ኖሮስ? ዝም ብላ፣ ውሰዳት ብትልህ ኖሮ፣ ዛሬ ትናገር ነበር?»

«አልናገርም ነበር።»

«ሠርጋችን ላይስ? ልጅ ወልደንስ?»

ዮሲ በእጇ የያዘችውን የእርሳስ ጽሕፈት አየ። ሊዋሻት አልፈለገም፤ ከዚህ ወዲህ ቢያንስ ይህን ሊነፍጋት አልፈለገም።

«ቅዳሜ፣ ቅዳሜ እል ነበር» አለ።

ሊዲያ ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ከተዘጋው ዓይኗ ሥር ወረደ፤ አልጠረገችውም። ዮሲ እጁን ሊዘረጋ አስቦ ተወው። አጠገቧ ሆኖ እንደዚያ የራቃት ቀን አልነበረም።

ወይዘሮ እልፍነሽ ተነሱ። ጓዳ ገብተው ጥቁሩን ነጠላ ለብሰው ወጡ። «የወንድሜ ሚስት ቤት ነው የምሄደው» አሉ። «ባትከፍትልኝም ደጇ ላይ አነብላታለሁ። በሉ አባቶቼ፣ አትቀየሙኝ።» ሽማግሌዎቹ ተነስተው መንገድ ለቀቁላቸው። ሊዲያ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ የእናቷን ክንድ ያዘች።

ዮሲ እስከ ግቢው በር ተከተላቸው። አማች ሊሆን የነበረ ሰው እንዲያ ባለ መንገድ ላይ አማቱን ብቻቸውን አይልክም። ሊዲያ ግን በሩ ላይ ቆማ ዞረች።

«አንተ እዚህ ይብቃህ» አለችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ የጠየቀው መድኃኒት እንደሌለ ለሰው ስትናገር እንደምታወጣው ያለ ድምፅ ነበር።

«እወድሻለሁ ሊዲያ።»

«አውቃለሁ» አለች። «አባዬም እናቴን በጣም ይወዳት ነበር።»

ከዚያ ከእናቷ ጋር ቁልቁል ሄደች። ዮሲ እያለቀሰ መሆኑን ያወቀው ጋሽ ለማ ከኋላው መጥተው ትከሻውን ሲይዙት ነው።